ስለ ንድፍ ሠሪውና ስለ ድካሙ ዋጋ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጐዳና የሚጓዝ ሰው፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲገባ፣ ከዚያም ማንኩሳን ተሻግሮ የነቀምቴው መንገድ ከሚገነጠልባት ከቡሬ ሲደርስ፣ በግራና በቀኝ የሚያያቸው የሱቅ ሰሌዳዎች፣ የመድኀኒት ቤትና የሆቴል ስሞች፣ የሠርግና የምረቃ ባነሮች፣ በየግድግዳው የተለጠፉት ማስታወቂያዎች ሁሉ አስቀድመው በአንድ ሰው ኅሊና ታስበው በአንድ ሰው እጅ የተነደፉ መሆናቸውን ምናልባት ልብ አይለውም። ይህ ሰው በተለምዶ ዲዛይነር የሚባለው ነው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከድርጅት ደመወዝ የማይቈረጥለት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ አንድ ኮምፒዩተር፣ ቢያገኝ ደግሞ አንድ ማተሚያ ይዞ የሚቀመጥ፣ ሥራ በመጣለት ቀን የሚበላ፣ ባልመጣለት ቀን ደጁን የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። የሚሠራው ነገር በዐይን የሚታይ ሲሆን የሚሸጠው ግን በዐይን የማይታይ በመሆኑ፣ ከማንኛውም ነጋዴ ይልቅ ዋጋውን ለመናገር የሚቸገር እርሱ ነው። በርበሬ ሻጭ ኪሎውን፣ ጨርቅ ሻጭ ክንዱን ይቈጥራል፤ ንድፍ ሠሪ ምኑን ቈጥሮ ዋጋ ይጠራል?

ይህ ጥያቄ በኮምፒዩተር ዘመን የተወለደ እንዳይመስለን። ቅኔ ቤቶቿ በመላው ኢትዮጵያ በታወቁት በጎጃም ምድር፣ ከካህናቱና ከመምህራኑ ጐን ቁም ጸሓፊውና ሠዓሊው በእጃቸው ሥራ እየኖሩ፣ ከደብሩ አለቃና ከባላባቱ ጋር ስለ ዋጋቸው እየተነጋገሩ ብዙ ዘመን አሳልፈዋል። ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሎጎ ወይም ባነር የሚነድፈው ወጣት፣ ይወቀውም አይወቀው፣ የእነዚህ ሰዎች ወራሽ ነው፤ የዋጋውን ሥርዐት ለመረዳትም ከእነርሱ መነሣት ይገባል።

ቁም ጸሓፊ መጽሐፍ ሊጽፍ ሲዋዋል በመጀመሪያ የሚነሣው የብራናው ነገር ነው። የፍየሉ ቆዳ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ በመወጠሪያ እንጨት ላይ በጠፍር ተወጥሮ፣ ሥጋውና ስቡ ተፍቆ፣ ጠጕሩ ተነሥቶ፣ በድንጋይ እየታሸ እስኪሳሳና እስኪነጣ ድረስ ያለው ድካም ብቻውን አንድ ሙያ ነው። ከዚያም ቅጠሉ በልክ ተቈርጦ በወስፌ ይበሳል፣ መስመሩ ይሰመራል፣ ዐምዱ ይለያል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ቅመም ተዋሕዶ ይዘጋጃል፣ ቅዱሳት ስሞች የሚጻፉበት ቀይ ቀለም ለብቻው ይቀመጣል፣ ብርዑም ከመቃ ይቀረጻል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ጸሓፊው ጕልበቱ ላይ ብራናውን አስደግፎ የመጀመሪያዋን ፊደል የሚጥለው። በመጽሐፉ ራስጌ ላይ የሚዘረጋው ሐረግ ደግሞ፣ ማለት እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚወርደው በቀለም ያጌጠ ጌጥ፣ ከጽሕፈቱ የተለየ እጅ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ሐረግ መጣል የሚችል ጸሓፊ ከማይችለው ይልቅ ይፈለግ ነበር።

አጻፊው እንግዲህ የሚከፍለው ለአንድ ነገር ብቻ አልነበረም። አንደኛ የቍሳቍሱን ዋጋ ይችላል፤ ቆዳውን ራሱ ያመጣል ወይም ጸሓፊው እንዲገዛ ይሰጠዋል። ሁለተኛ ጸሓፊው በሥራ ላይ ሳለ የሚኖርበትን ቀለብ ያዘጋጃል፤ ወራት የሚፈጅ ሥራ የያዘ ሰው ዐርሶ አይበላምና። ሦስተኛ የሙያውን ዐስብ ይከፍላል፤ ይኸውም እንደ ዘመኑ በማርትሬዛ ብር፣ በአሞሌ፣ በእህል ወይም በከብት ይቈረጥ ነበር። ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ መጽሐፉ ተፈጽሞ በተረከበ ጊዜ ለጋስ የሆነ አጻፊ ልብስ ወይም ሌላ ሽልማት ቢጨምር፣ ያ የፈቃድ ነገር ስለ ሆነ በዋጋው ውስጥ አይቈጠርም። የዚህ ሥርዐት ብልኅነት ያለው ሦስቱ ነገሮች ተለያይተው መነገራቸው ላይ ነው፤ የቆዳ ዋጋ የናረ እንደ ሆነ የሚጨምረው የቆዳው ዋጋ እንጂ የጸሓፊው ዐስብ አይቀነስም ነበርና።

የሠዓሊው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በጎጃምና በጎንደር ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሸራ ተለጥፎ፣ ሊቃነ መላእክት በየደጁ፣ እመቤታችን ከነልጇ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ሆነው የሚሣሉት በልማድ በታወቀ ስፍራቸው ነው፤ ሠዓሊው ቦታውን የመለወጥ ሥልጣን እምብዛም የለውም። ነገር ግን ሥዕሉን ያሣለው ምእመን ብዙ ጊዜ ከእመቤታችን እግር በታች ተደፍቶ፣ ስሙም በጐኑ ተጽፎ ይታያል። ያ ሰው የገዛው ቀለሙንና ሸራውን ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ስሙና ምልጃው ለትውልድ እንዲቈይለት ነው የገዛው። ዛሬ አንድ የቡሬ ነጋዴ ለሱቁ ሎጎ ሲያሠራ የሚፈልገው ነገር በመንፈሳዊነቱ ባይመሳሰልም በጠባዩ ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ስሙ በሰው ዐይን እንዲያርፍና እንዲታመን ይሻል። ስለዚህ የንድፍ ዋጋ ሲቈረጥ ሠሪው የደከመበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን አሠሪው የሚያገኘው ጥቅም ጭምር በሚዛን ላይ መውጣቱ አዲስ ነገር ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም።

ከብራናው ወደ ባነሩ የተደረገው ሽግግር በአጭሩ ሲነገር እንደሚከተለው ነው። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፣ ፊደል በእጅ ከመጣል ወደ መኪና እየተላለፈ ሄደ። በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሥዕልን በክፍል ተቀምጦ የሚማሩት ሙያ አደረገው፤ እርሳቸው ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተ ሰብ ተወልደው በአሜሪካ አገር ቺካጎ የተማሩ ስለ ነበሩ፣ አሮጌውና አዲሱ ሥርዐት በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ይቻላል። በየአውራጃው ከተማ ደግሞ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ነገር ግን እጃቸው የተፈታ ሰሌዳ ጻፊዎች በቆርቆሮና በጣውላ ላይ በቡርሽ የቡና ቤቱንና የልብስ ሰፊውን ስም እየጻፉ ኖሩ። ኮምፒዩተርና የባነር ማተሚያ መኪና በመጡ ጊዜ ቡርሹ ቀስ በቀስ ተቀመጠ፤ ከቡርሹም ጋር ሥራው በዐይን እየታየ የሚሠራበት ዘመን አለፈ። ሰሌዳ ጻፊው መሰላል ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው መንገደኛው ሁሉ ድካሙን ያይ ነበር፤ ዲዛይነሩ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚሠራ የደከመ አይመስልም።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚሠራው ዲዛይነር የሚያዘጋጃቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ የሱቅ ባነርና ስቲከር፣ የሌሊት መብራት ያለው ላይት ቦክስ፣ ሎጎ፣ የማኅበርና የዕድር ማኅተም፣ ቲተር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የምረቃ መጽሔት፣ የሆቴል የምግብ ዝርዝር፣ የዘይትና የበርበሬ ማሸጊያ ምልክት። ሥራው ወቅት አለው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሠርግ መጥሪያ ይበዛል፤ ትምህርት በሚዘጋበት ወራት የምረቃ ባነርና መጽሔት ይመጣል፤ የመኸሩ በርበሬና በቆሎ ለገበያ ወጥቶ ገንዘብ በገበሬውና በነጋዴው እጅ ሲገባ አዲስ ሱቅ የሚከፍተው፣ አሮጌ ሰሌዳውንም የሚያድሰው ይበረክታል። በዐቢይ ጾም ውስጥና በክረምቱ አጋማሽ ግን ደጁን የሚያንኳኳ የሚጠፋባቸው ሳምንታት አሉ። በቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ መቋቋሙና በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ መመረቁ፣ በከተማውም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ መኖሩ፣ የማሸጊያና የማስታወቂያ ንድፍ የሚሻ ሰው እንዲጨምር የሚያደርጉ ነገሮች ናቸው።

ዋጋ የሚጠራባቸው መንገዶች በጥቅሉ አራት ናቸው። የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው በካሬ መጥራት ነው፤ የባነሩ ቁመትና ወርድ በሜትር ተባዝቶ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ይመታል። ይህ ለደንበኛው ግልጽ ስለ ሆነ ክርክር አያስነሣም፤ ነገር ግን ባለ ሙያው ሳያውቀው ንድፉን በነጻ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ሁለት ካሬ ባነር ለመንደፍ የሚወስደው ሐሳብ ሃያ ካሬ ባነር ለመንደፍ ከሚወስደው አያንስምና፣ በካሬ ብቻ የሚያስከፍል ሰው ቀለምና ላስቲክ ሻጭ እንጂ ንድፍ ሠሪ አይባልም።

ሁለተኛው በቁርጥ መዋዋል ነው፤ ሎጎው ወይም መጽሔቱ አልቆ እስኪረከብ ድረስ ይህን ያህል ተብሎ አንድ ዋጋ ይነገራል። ለሁለቱም ወገን ሰላም የሚሰጥ ይህ ነው፤ ሆኖም ሥራው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ወሰኑ ካልተነገረ ሠሪውን ባሪያ ያደርገዋል። «ቀለሙን ወደ አረንጓዴ ለውጠው»፣ «የለም፣ መጀመሪያ የነበረው ይሻል ነበር»፣ «ወንድሜ ደግሞ አንበሳ ይግባበት ይላል» እየተባለ በአንድ ዋጋ ዐሥር ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለምሳሌ ሁለት ጊዜ ማረም በዋጋው ውስጥ እንዳለና ከዚያ በላይ የሚመጣው ማስተካከያ ራሱን ችሎ እንደሚከፈልበት አስቀድመው ይናገራሉ።

ሦስተኛው በሰዓት ወይም በቀን መቍጠር ነው። ይህ በውጭ አገር በጣም የተለመደ ቢሆንም በእኛ አገር ደንበኛው ሰዓቱን ማየት ስለማይችል እምነት አይጥልበትም፤ ለሠሪው ግን ዋጋውን ለራሱ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። አራተኛው በወር መዋዋል ነው፤ አንድ ሆቴል ወይም አንድ የኅብረት ሥራ ዩኒየን በየወሩ የሚያስፈልገውን ሁሉ ለአንድ ዲዛይነር ሰጥቶ በወር የተቈረጠ ገንዘብ ይከፍለዋል፤ ይህም በጾምና በክረምት ወራት ደጅ ለሚጠብቅ ሰው እንደ እርሻ መሬት የሚቈጠር ነው።

የሰዓቱ ስሌት እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንመልከት፤ ቍጥሩ ለማስረዳት ያህል የተወሰደ ነው እንጂ የማንንም ገቢ አይናገርም። አንድ ዲዛይነር ለቤተ ሰቡ ኑሮ በወር 18,000 ብር፣ ለክፍሉ ኪራይ 6,000፣ ለመብራትና ለኢንተርኔት 2,000፣ ነገ ለሚበላሸው ኮምፒዩተር ማስቀመጫ 4,000 ብር ቢያስፈልገው ድምሩ 30,000 ብር ነው። ከወሩ ሠላሳ ቀን አራት እሑዶችንና ሁለት የበዓል ቀኖችን ብናወጣ 24 የሥራ ቀን ይቀራል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ሲባል 192 ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ደንበኛ የሚቀበልበት፣ በዋጋ የሚከራከርበት፣ መብራት ጠፍቶ የሚቀመጥበት፣ ዕዳ ለመሰብሰብ የሚመላለስበት ሰዓት ስላለ፣ በእውነት ንድፍ የሚሠራበት 100 ሰዓት ቢሆን ነው። 30,000 ብር ለ100 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋ 300 ብር ይወጣል። ዐሥራ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሎጎ እንግዲህ ከ3,600 ብር በታች የተሠራ እንደ ሆነ፣ ሠሪው ከቤተ ሰቡ እንጀራ ወስዶ ለደንበኛው ጨመረለት ማለት ነው። ይህም ገና ወለሉ ነው፤ የሙያው ብስለት፣ የሥራው ጥድፊያና ደንበኛው የሚያገኘው ጥቅም በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ስሌቱን በ192 ሰዓት ስለሚያካፍሉ ነው፤ ያን ጊዜ ሰዓታቸው ወደ 156 ብር ይወርድና ዘወትር እየሠሩ ዘወትር ዕዳ ውስጥ የሚኖሩበትን ምክንያት ሳያውቁት ይቀራሉ።

ስሌቱ ያለቀለት ሰው እንኳ ቢሆን ዋጋውን በሰው ፊት መጥራት ሌላ ፈተና ነው። ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ሊድሩ የሠርግ መጥሪያ ሲያሠሩ የሚደረገው ንግግር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። «ስንት ትጠይቀኛለህ ልጄ?» ይላሉ። «አባባ፣ ስንት ሰው ይጠራሉ?» «ሁለት መቶ ቢሆን ነው፤ ዘመድ በዛ።» «እንግዲያው ወረቀቱና ኅትመቱ ይህን ያህል፣ ንድፉ ደግሞ ይህን ያህል ይሆናል።» ሽማግሌው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «የወረቀቱስ ገባኝ፤ ንድፍ የምትለው የቱ ነው? ተቀምጠህ ነካ ነካ የምታደርገው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ በዚህ ጊዜ ቢቈጣ ወይም ቢያፍር ሥራውን ያጣል። ብልኅ የሆነ እንደ ሆነ ግን ኮምፒዩተሩን ወደ እርሳቸው አዙሮ፣ የሙሽራውና የሙሽራዪቱ ስም የት እንደሚቀመጥ፣ የወላጆቹ ስም በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ፣ ቀኑና የቤተ ክርስቲያኑ ስም እንዳይሳሳት እንዴት እንደሚታረም ያሳያቸዋል። «አባባ፣ ከታተመ በኋላ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሁለት መቶው ሁሉ ይጣላል፤ ይህ ገንዘብ እርሷን እንዳልሳሳት ነው።» ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው ዝም ይሉና፣ «መልካም፤ እኩሌታውን ዛሬ ልስጥህ፣ የቀረውን በርበሬው ተሽጦ» ብለው ቀብዱን ይቈጥራሉ። ሽማግሌው የተሸነፉት በክርክር አይደለም፤ የማይታየው ሥራ ስለ ታያቸው ነው።

ስለ ቀብድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ገበያ ቀብድ የዋጋው መጀመሪያ ክፍያ ተደርጎ ይታያል፤ ሕጉ ግን ከዚህ የጠነከረ ትርጕም ሰጥቶታል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1883 እስከ 1885 ባሉት አንቀጾች፣ ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ እንደ ሆነ፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተነገረ በቀር ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ ቀብድ የተቀበለ ዲዛይነር ራሱም ታስሯል፤ ሥራውን ለተሻለ ከፋይ ትቶ ቢሄድ ዋጋ ያስከፍለዋል። በሎጎ ሥራ ግማሹን አስቀድሞ፣ በትልልቅ ሥራ ደግሞ ሲጀመር፣ ንድፉ ሲጸድቅና ሲረከብ በሦስት ከፍሎ መቀበል የተለመደ ነው።

በራሱ የሚሠራ ዲዛይነር ሠራተኛ ተብሎ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጥላ ሥር እንደማይገባም ማወቅ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን ስምንት፣ በሳምንት አርባ ስምንት ብሎ ሲወስን፣ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኀላፊነት ለሌላ ሰው የሚሠራውን ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። እንደዚህ ያለው ሰው የሚዳኘው ከቍጥር 2610 ጀምሮ ስለ ሥራ ውል በተጻፈው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድና የጡረታ መዋጮ የሚሰጠው ስለሌለ፣ እነዚህን ሁሉ ከሰዓቱ ዋጋ ውስጥ ራሱ ማስቀመጥ አለበት ማለት ነው። የንድፉ ባለቤትነትም እንዲሁ በቃል የሚተው ነገር አይደለም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለፈጠራ ሥራ ጥበቃ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ደንበኛው የሚረከበው የታተመውን ብቻ ይሁን ወይም ሊታረም የሚችለውን ፋይል ጭምር፣ ንድፉንስ ለሌላ ዕቃ ሊጠቀምበት ይችል እንደ ሆነ በውሉ ላይ መጻፍ ክርክር ያስቀራል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከትልልቅ ድርጅቶች ጋር የሚደረገው ግብይት ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ገዢው ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለት የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይሰበስባል፤ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል። ፕሮፎርማ ወረቀቱ የወረቀቱን ግራም፣ የባነሩን ካሬ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚመለከተው ከሆነም 15 በመቶውን ይጠይቃል እንጂ የሐሳቡን ጥራት የሚጽፍበት መስመር የለውም። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ሥራውን ለማግኘት ሲል የንድፉን ናሙና አስቀድሞ በነጻ ይሰጣል፤ ናሙናው ተወስዶ ለሌላ ማተሚያ ቤት ሲሰጥ ካየ በኋላ ነው የሚጸጸተው። ናሙና መስጠት ግድ በሚሆንበት ጊዜ ስሙን በላዩ ላይ አሳርፎ፣ ጥራቱን ቀንሶ ማሳየት እንጂ ዋናውን ፋይል መላክ አይገባም። ክፍያውም በሰነድና በፊርማ መካከል እየዞረ ስለሚዘገይ፣ የመዘግየቱ ሸክም በዋጋው ውስጥ መታሰብ አለበት።

የገንዘቡ ጠባይ መለወጥ ሌላ ችግር ጨምሯል። ባነሩ፣ ስቲከሩና ቀለሙ በአመዛኙ ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት ኀይል ሲቀንስ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ አብሮ ተነሣ። በወረቀት ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው እስከዚህ ቀን ነው» ብሎ የማይጽፍ ሰው በሰኞ ዋጋ ተዋውሎ በዓርብ ዋጋ ዕቃ እየገዛ ይከስራል። እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ በቴሌግራም ይላክ የነበረው ሥራ በፍላሽ ተይዞ በሰው እጅ መሄድ ግድ ስለ ሆነ፣ የመጓጓዣና የመዘግየት ወጪ የሥራው ዋጋ ክፍል መሆኑን ብዙዎች ተረዱት።

በውጭው ዓለም ያለው ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ኬሮላይን ዴቪድሰን የምትባል ተማሪ በአሜሪካ አገር በፖርትላንድ ከተማ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን የናይኪን ምልክት ስትነድፍ፣ በሰዓት ሁለት ዶላር አስባ ለአሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል 35 ዶላር ተቀበለች። ድርጅቱ ከበለጸገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ቀለበትና የአክሲዮን ድርሻ ሰጥቷታል፤ ይህም ከአጻፊው ሽልማት ጋር የሚመሳሰል የበጎ ፈቃድ ነገር እንጂ በውል የተያዘ መብቷ አልነበረም። በአንጻሩ ስሙ የገነነው ፖል ራንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ኔክስት ለተባለው የስቲቭ ጆብስ ኩባንያ አንድ ንድፍ ብቻ አቅርቦ 100,000 ዶላር አስከፍሏል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሥራው ውበት አይመዘንም፤ አንዷ የሸጠችው ሰዓቷን ሲሆን ሌላው የሸጠው ዕድሜውን ሙሉ ያከማቸውን ዕውቀትና ደንበኛው የሚያገኘውን ጥቅም ነው።

በእኛ አገር ግን ገንዘብ የማይጠየቅበት ሥራ እንዳለ መካድ አይቻልም። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ የክብረ በዓል ባነር፣ ዕድሩ ማኅተም፣ ጎረቤት የተስካር መጥሪያ በጠየቁ ጊዜ እንደ ባዕድ ዋጋ መጥራት ከኅብረተሰቡ መውጣት ይሆናል። ይህን ያደረገ ሰው በረከት ያገኛል፤ ነገር ግን በረከቱና ንግዱ ሊቀላቀሉ አይገባም። ደኅና ልማድ የሚባለው በነጻ ለተሠራውም ሥራ ደረሰኝ ወይም ወረቀት ጽፎ ሙሉ ዋጋውን ማስቀመጥና ከሥሩ «በስጦታ የተሠራ» ብሎ መዝጋት ነው። ያን ጊዜ ተቀባዩ የስጦታውን ልክ ያውቃል፤ በሌላ ቀን ለራሱ ሱቅ ሲያሠራ «ለቤተ ክርስቲያን በነጻ ሠርተህ ለእኔ ታስከፍላለህ?» ብሎ አይከራከርም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። የቀድሞው ቁም ጸሓፊ ቆዳውን፣ ቀለቡንና ዐስቡን ለይቶ ይነጋገር እንደ ነበረ፣ የዛሬውም ዲዛይነር የዕቃውን፣ የኑሮውንና የሙያውን ዋጋ ለይቶ ያስላ፤ ሥራውን ሳይጀምር በግልጽ ይናገር፤ ቀብዱን ተቀብሎ ውሉን በወረቀት ያስፍር። ሐፍረት ይዞት ዝም ያለ ባለ ሙያ ጠብ ያተረፈ እንጂ ወዳጅ ያተረፈ አይደለም፤ ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና። አሠሪው ደግሞ የሠራተኛው ዋጋ በቤቱ እንዳያድር ኦሪት ማዘዟን፣ ሠራተኛም ደመወዙ እንደሚገባው ወንጌል ማስተማሯን በየሰንበቱ ይሰማልና፣ ለንድፍ የሚጠየቀውን ገንዘብ እንደ ብልጠት አይቍጠረው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በየገጠር ከተማው ይህን ሙያ የያዛችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር አውጡና የምትሠሩበትን እውነተኛ ሰዓት ለአንድ ወር መዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋችሁ ስንት እንደ ሆነ ሌላ ሰው እንዲነግራችሁ አትጠብቁም።